በስምንት ቁጥር የተጻፈው ስም

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለሱሀይር፣ ባለሽበት ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የሚነዘንዝሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እጅሽ በሳሙናው ብዛት ተላልጧል ብለሽን ነበር፤ ቅባቱ ረዳሽ? የቤቱ ሰዎችስ ቁጣቸው በረደ? ሌሊትስ እንቅልፍ ይወስድሻል? ይህን የምጠይቅሽ እኛ ቤት እንቅልፍ ከጠፋ አንድ ወር ተኩል ስላለፈው ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልዋሽሽ ግን አልፈልግም። ውሸት ምን እንደሚያስከትል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታነቢዋለሽ።

ባለፈው ዓመት ስጽፍልሽ “ፊደልህ ጉንዳን ይመስላል፤ ማድ ቤት አምፖል ሥር ቆሜ ላነብ ስል ዓይኔ ጠፋ” ብለሽኝ ነበር። አሁን እንደምታይው አተልቄ ነው የምጽፈው። በአንድ መስመር ከስድስት ቃል በላይ አይገባም። ወረቀቱ ቢበዛም የምታደርስልሽ ሰልሰቢል ናት፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ማክሰኞ ወደ ጅዳ ትበራለች። በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ስትደውዪ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋና በየጁምዓው የሚፈቀድልሽ ያችው አሥር ደቂቃም በለቅሶ ስለምታልቅ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ጋሼ ዱባለ ነው። እሳቸውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። አባታችን በርበሬ በረንዳ ሲነግድ ሚዛኑን ይዘው አብረውት የቆሙ፣ አባታችን የሞተ ቀን እኔን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መቃብሩ የወሰዱ ሰው ናቸው። ወንድማችን ሰላሁዲን በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ስትደውዪ ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ነበር። “ያ ሰውዬ የአባቴን ቤት ቤቱ አድርጎ ኖሮ ለልጁ አንዲት ቃል ነፈገ፤ አላህ የእጁን ይስጠው” አልሽ። ጋሼ ዱባለ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ሰምተውሻል። ኮፍያቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ፤ ማንም ቁጭ ይበሉ አላላቸውም። እኔም አላልኩም። እታለም፣ ያን ቃል እንድታነሺላቸው ነው የምለምንሽ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ፣ ከዒድ በኋላ ነው። ሰላሁዲን አላህ ይርሐመውና በሒሳብ ሥራ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላንኳኳው በር እንዳልነበረ ታውቂያለሽ። ያልነገረሽ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሕንፃ ሥራ ላይ ብሎኬት ይሸከም እንደነበር ነው። እንዳንነግርሽ አስምሎን ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ጨርቅ የሚያስመጡት ሐጂ ባህረዲን የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ በራቸው ላይ ለጠፉ። ማስታወቂያው “ሲቪ በአማርኛ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ” ይላል። ሰላሁዲን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሥራው ለቤታችን ቅርብ ነው፣ የተማረውም እሱኑ ነው፣ ሐጂም አባታችንን በዓይን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አብነት ወዳለው ወደ አስናቀው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። ሲቪውን ሰላሁዲን ራሱ ጻፈው። ሲጨርስ ግን ከአንድ ገጽ አልፎ የሁለተኛውንም ገጽ ከግማሽ በላይ ያዘ። ሰዓቱን አየ፤ የሕንፃ ሥራው አለቃ የዘገየን ሰው ከበር እንደሚመልስ እኔም አውቃለሁ። ተነሣና እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። “አዩብ፣ የተረፈውን አንተ አስተካክል። ሥልጠናዎቹንና የክበቡን ነገር ቁረጥ። ፊደሉን ግን እንዳትነካ፤ አሥራ ሁለት ይሁን። ከዚያ አትመህ በፖስታ አሽገህ ለሐጂ ጸሐፊ ስጥ” ብሎኝ ሮጠ።

እኔም ልቆርጥ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይላል። ልቆርጠው ስል ያን የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን የታናሽ እህታችንን የማሂራን የተቃጠለ እጅ እንዴት እንዳሰረላት ትዝ አለኝ፤ ተውኩት። የተማሪዎች ምግብ ቤት ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ይላል። ሰው አምኖት ገንዘብ ያስያዘውን እንዴት ልቁረጥ? ከዚያ ወረድ ብሎ “በቀበሌ የክረምት ትምህርት በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ፣ ሦስት ክረምት” ይላል። ይህችማ እኔ ነኝ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት፣ ክፍልፋይ አልገባኝ ብሎ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አስናቀው ከኋላዬ ቆሞ “ወንድሜ፣ ቁረጥ ከተባልክ ቁረጥ፤ ሰው ወረፋ ይዟል” ይለኛል። እኔ ግን አንድም ነገር መቁረጥ አልቻልኩም። ሐጂ ሁሉንም ይወቁት፣ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ከየት ያገኛሉ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የፊደሉን መጠን ቀነስኩት። አሥር አደረግኩት፤ አሁንም ተረፈ። ዘጠኝ አደረግኩት፤ የመጨረሻዋ መስመር፣ “ምስክር” የምትለዋና የጋሼ ዱባለ ስም ያለባት፣ ብቻዋን ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀረች። ስምንት ሳደርገው ሁሉም ገባ። አስናቀው ከማሽኑ ሲያወጣው ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና “ሐጂ ይሄን የሚያነቡት በማይክሮስኮፕ ነው?” አለ። ቀለሙም ሊያልቅ የተቃረበ ነበር። እኔ ሳቅሁ። አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ወስጄ ሰጠሁ።

ማታ ሰላሁዲን ሲሚንቶውን ከፀጉሩ እያራገፈ “አስተካከልክ?” አለኝ። አዎ አልኩት። “ምን ምኑን ቆረጥክ?” አለኝ። “ትንሽ ትንሹን” አልኩት። እታለም፣ ለወንድሜ የዋሸሁት የመጨረሻ ውሸት ይህ ነው።

ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ያያል፤ የተበላሸበት መስሎት ለእኔ ደውሎ ይሞክረዋል። ከዚያ ሐጂ ሌላ ሰው መቅጠራቸውን ሰማ። አልጮኸም፣ አልተማረረም። “የጋሼ ዱባለን ስም እያዩ ነው የጣሉኝ ማለት ነው” አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ከዚያን ቀን በኋላ ብሎኬቱን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መሆኑ ቀርቶ ከጁምዓ በስተቀር በየቀኑ ይሸከም ጀመር። ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን አራተኛው ፎቅ ላይ የባሕር ዛፉ መወጣጫ ከእግሩ ሥር ተሰበረ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ምሳውን ሳይበላ መሆኑን ነው። የምሳ ዕቃውን ሠራተኞቹ እንደታሰረ አመጡልን።

በድንኳኑ ውስጥ እማዬ ጋሼ ዱባለን ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። “ዱባለ፣ ከሐጂ ጋር ሠላሳ ዓመት ትተዋወቃላችሁ። ለዚህ ልጅ አንድ ቃል ተናገርክለት?” አለቻቸው። ጋሼ ዱባለ አንገታቸውን ደፉ። “አልተናገርኩም” አሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸውም ሰው የለም። ከዚያ አንቺ ደወልሽ፤ ነገሩን ሰምተሽ ያን ቃል ተናገርሽ። እማዬ መንገድ ላይ ስታያቸው ወደ ማዶ ትሻገር ጀመር። እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ፊደሉ ምንም አላሰብኩም ነበር፤ እንዲያውም እኔም ጠልቻቸው ነበር።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ባህረዲን ከመስጊዱ በር ላይ ጠሩኝ። የሟቹ ወንድም መሆኔን ሰው ነግሯቸው ኖሮ ትከሻዬን ይዘው ወደ ሱቃቸው ወሰዱኝ። አጽናኑኝና ከትምህርት በኋላ ግማሽ ቀን የመጋዘን ዕቃ እየመዘገብኩ እንድሠራ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ቆርቁሮኝ ነበርና ወንድሜ እርስዎ ዘንድ አመልክቶ ነበር እኮ አልኳቸው። ደነገጡ። ጸሐፊዋ የመስከረሙን ወረቀት ሁሉ እንድታወጣ አዘዙ፤ ከመካከሉ የእሱ ተገኘ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ራቅ አድርገው ያዙት፣ ቀረብ አደረጉት፣ ወደ በሩ ወስደው በፀሐይ አዩት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

“ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ጤፍ?” አሉ። “እኔ ወረቀት ሲመጣልኝ የማነበው ከታች ጀምሬ ነው። ትምህርቱንማ ሁሉም ተምሯል። እኔ የምፈልገው ማን ያውቀዋል የሚለውን ነው። መርካቶ ሰው የሚቀጠረው በዚያ ነው። ታቹ ካልታየኝ ላዩን ምን ላድርገው ብዬ ወደ ጎን አደረግኩት።”

ታቹን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አቶ ዱባለ፣ በርበሬ በረንዳ ብዬ አነበብኩላቸው። ሐጂ በተደረደረው የጨርቅ ጣቃ ላይ ቁጭ አሉ። “የኔው ዱባለ?” አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው “በዚያኑ ቀን እጠራው ነበር” አሉ። ፊደሉን ያሳነሰው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ወረቀቱን ውሰደው አሉኝና ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። ጋሼ ዱባለ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሳያዩኝ ብመለስ በወደድኩ፤ ግን በርበሬው አስነጠሰኝና ቀና አሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁረጥ መባሌን፣ አለመቁረጤን፣ ስምንት ማድረጌን፣ መዋሸቴን። እየሰሙ የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር፤ ንጹሕ ሳህን ነው፣ እሳቸው ግን መወልወላቸውን አላቆሙም። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገሩኝ። እሳቸው ለሐጂ በአፋቸው ሊነግሩለት ተነሥተው ነበር፤ የከለከላቸው ሰላሁዲን ራሱ ነው። “ጋሼ፣ እባክዎ አይለምኑልኝ። ስምዎን ከወረቀቴ ግርጌ እጽፈዋለሁ፤ ሐጂ ካዩት ይበቃኛል” ብሎ ቃል አስገብቷቸው ነበር። ሳይጠራ ሲቀር እሳቸውም ሐጂ ስሜን አይተው ናቁኝ ብለው አኩርፈው ቀሩ። በድንኳኑ ውስጥ ይህን ያልተናገሩት በሞተ ልጅ ላይ ማላከክ መስሎ ስለታያቸው ነው።

እማዬን ዛሬውኑ እነግራታለሁ አልኳቸው። ያን ጊዜ ጨርቁን አስቀመጡ። “እንዳትነግራት። አንድ ልጅ ቀብራለች፤ በአንተ ደግሞ ሌላ ሐዘን አትጨምርባት። እኔን መጥላት ይቀላታል። እኔ ባዳ ነኝ፣ እችለዋለሁ” አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እሺ ስል ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ጋሼ ዱባለን ስትረግም እሰማለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ። ኅዳር ሃያ ስምንት የሰላሁዲን የአርባ ቀን ሰደቃ ነበር። ጋሼ ዱባለ ለወጡ የሚሆን በርበሬ፣ ዛላው ተመርጦ የተፈጨ፣ በነጭ ከረጢት ላኩ። እማዬ ከረጢቱን ሳትፈታው ማሂራን አሸክማ መለሰችው። ማሂራ ገና አሥር ዓመቷ ነው፣ ነገሩ አይገባትም። ተመልሳ መጥታ “ጋሼ ዱባለ ተቀብለውኝ ከረሜላ ሰጡኝ፤ ግን ዓይናቸው ውስጥ በርበሬ ገብቶ ነበር” አለች። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

ሰደቃውን በልቶ ሰው ሲበተን፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ እማዬ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች ወረቀቱን አወጣሁና ነገርኳት። ለጋሼ ዱባለ እንደነገርኩት ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰላሁዲን ያስገባቸውን ቃልም ጨመርኩ። እጇን ዘረጋችና ወረቀቱን ተቀበለችኝ። እማዬ ፊደል እንደማትቆጥር ታውቂያለሽ። በጣቷ ዳበስ አደረገችው። “የልጄ ስም የቱ ነው?” አለች፤ ከላይ አሳየኋት። “የዱባለስ?” አለች፤ ከታች አሳየኋት። ከአንዱ ስም እስከ ሌላው በስንዝሯ ለካች። ከዚያ “አንብብልኝ” አለች።

ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። በዚያች ፊደል ማንበብ እንዴት እንደሚያደክም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ መስመሩ ከዓይኔ እየጠፋ ሁለት ጊዜ መለስኩት። የክረምት ትምህርቱ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። “ይሄን ሦስት ክረምት ኳስ ሜዳ ነው የምትውሉት ብዬ እቆጣችሁ ነበር” አለች። ቀጥል አለችኝና ጨረስኩ። ተነሣች፣ ሻሿን አሰረች፣ ማሂራን ይዛ ወጣች።

የሄደችው በርበሬ በረንዳ ነው። ማሂራ እንደነገረችኝ ጋሼ ዱባለ ሲያይዋት ከጆንያው ተነሥተው ቆሙ። እማዬ “የመለስኩትን በርበሬ ስጠኝ” አለቻቸው። እሳቸው ሚዛን ላይ ሳያወጡ በእጃቸው እየዘገኑ ከረጢቱን እስኪጠብ ሞሉላት። ሲመለሱም እማዬ ከረጢቱን ማንንም ሳታስነካ ራሷ ተሸክማ ነበር።

እኔን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ “ብላ” እና “ተነሣ” ከማለት በቀር አላናገረችኝም። ትናንት እግሯ ላይ ወድቄ ዐውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ አልኳት። “ቁረጥ ተብለህ ባለመቁረጥህ አልቆጣህም። እኔም ብሆን አልቆርጥም ነበር። ‘ምን ቆረጥክ?’ ሲልህ እውነቱን ብትነግረው በማግስቱ ሌላ ይጽፍ ነበር። እሱን ነው ያልቻልኩት” አለችኝ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታማልጂኝ አይደለም። ልክ ናት።

የሐጂን ሥራ ልጀምር ነው፤ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ቀን ስለሆነ አሥራ አንደኛ ክፍልን አላቋርጥም፣ አትስጊ። ወረቀት አምጣ ስላሉኝ ሐሙስ ዕለት አስናቀው ጋ ሄጄ ነበር። የእኔ ሲቪ ስድስት መስመር ብቻ ሆነ። አስናቀው አዘነልኝ መሰለኝ፣ “ገጹ ባዶ ሆነብህ፤ ፊደሉን አሥራ ስምንት ላርግልህ፣ ይሞላል። ሁሉም የሚያደርገው ነው” አለኝ። አሥራ ሁለት ይሁን አልኩት። ከስድስቱ መስመር አንዷ “የክረምት ትምህርት፣ ሦስት ክረምት፣ አስተማሪዬ ሰላሁዲን” የምትል ናት። አስናቀው ይህቺ ለሥራ አትጠቅምም፣ ትውጣ አለኝ። አትወጣም አልኩት፤ እንዳለች አተማት። ከታች የጋሼ ዱባለን ስም ለመጻፍ ራሳቸውን አስፈቀድኩ። “ጻፈኝ፤ ግን ስሜ ለሐጂ እንዲታይ አድርገህ ጻፈኝ” አሉኝ።

እታለም፣ አሁን ተራው የአንቺ ነው። የጋሼ ዱባለን ስልክ በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። የሚቀጥለውን ጁምዓ ለእኛ አትደውዪልን፤ ያቺን አሥር ደቂቃ ለእሳቸው ስጪ። እማዬንም አስፈቅጃታለሁ፤ አንገቷን ነቅንቃለች።

ማሂራን በጣም ናፍቀሻታል፤ ክፍልፋይ ጀምራለች፣ እኔ ነኝ የማስጠናት። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉመቤት “ልጄ ጨክኚ፣ ራስሽን ጠብቂ” ብላሻለች፤ ከሐዘኑ ወዲህ ምጣዷንም ምድጃዋንም ለእኛ ነው የምታውለው። ጋሼ ዱባለ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰሙ “ሰላም በላት፤ እኔ አልተቀየምኳትም” ብለዋል። እማዬ ሰላምታ አልላከችም፤ ግን የምጽፍበትን ጠረጴዛ ጠርጋ መብራቱን ያበራችልኝ እሷ ናት። ከእሷ ስም ቀጥሎ ሁልጊዜ የሰላሁዲን ሰላምታ ይጻፍ ነበር።

ደብዳቤው ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ሰልሰቢል ፖስታው ወፈረ፣ ትንሽ ቀንስለት ብላኝ ነበር። ምንም አልቆረጥኩም፤ ፊደሉንም አላሳነስኩም።

ወንድምሽ አዩብ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.